የእናቴ የሂሳብ መዝገብ ግድግዳው ነበር

ስምንተኛ ክፍል ሆኜ የትምህርት ቤት ቅጽ ስሞላ «የእናት ሥራ» የሚል ክፍት ቦታ ነበረው። «የቤት እመቤት» ብዬ ጻፍኩ።

ውሸቴን ነው። እናቴ ጠላ ጠምቃ ትሸጥ ነበር። የጻፍኩበት እስክሪብቶ፣ የለበስኩት ዩኒፎርም፣ ጠዋት ቀምሼ የወጣሁት እንጀራ ሳይቀር የተገዛው በጠላ ብር ነው። እሷም ብትሆን «ሥራሽ ምንድን ነው?» ሲሏት «ኧረ እኔ ምን ሥራ አለኝ፣ ቤት ነው የምውል» ነበር መልሷ። እናትና ልጅ ሳንመካከር አንድ ዓይነት ውሸት እንዋሽ ነበር።

ይሄን ያስታወሰኝ ሰሞኑን የደወለችልኝ ታናሽ እህቴ ናት። እህቴ በሆቴል ሙያ ዲፕሎማ አላት፤ ጎንደር ውስጥ አንድ ሆቴል ትሠራ ነበር። መጀመሪያ ኮሮና መጣ፣ ቀጥሎ ጦርነቱ፣ ከዚያ መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ ቱሪስቱ ቀረ። እሷም ከሥራ ቀረች። ደውላ ምን አለችኝ መሰላችሁ፦ «ወንድምዓለም፣ የእማዬን ጋን ላወጣው ነው።»

«ዲፕሎማ ይዘሽ ጠላ ልትሸጪ?» አልኳት። ሳላስበው ነው ከአፌ ያመለጠኝ።

ትንሽ ዝም አለችና «ዲፕሎማዬን ማን የከፈለው መሰለህ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ይሄን የምጽፈው ለዚያ ነው።

እስኪ እናቴ ትሠራው የነበረውን ሥራ አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

ገብስ የምትገዛው በታኅሣሥና በጥር ነበር፤ የዳባትና የደባርቅ ገበሬ አውድማውን ጨርሶ እህሉ ገበያ ሲገባ። ክረምት ላይ ዋጋው እንደሚወደድ ስለምታውቅ ጎታዋን በጊዜ ትሞላለች። ከገብሱ ከፊሉን ነክራ ታበቅለዋለች፤ ብቅል ነው። ከፊሉን ትቆላዋለች፤ አሻሮ ነው። ጌሾውን ትወቅጣለች። ጋኑን በግራዋ አጥባ በወይራ ታጥነዋለች። ትጠነስሳለች፣ ቀን ትቆጥራለች፣ እንኩሮውን ትጨምራለች፣ ትደፈድፋለች። ቴርሞሜትር የላትም። ጆሮዋን ወደ ጋኑ አፍ አስጠግታ ሲፈላ ትሰማዋለች። ብርዱ ሲበረታ ጋኑን እንደ አራስ ልጅ በጨርቅ ትጠቀልለዋለች። አንዱን ነገር ብትስት ሙሉ ጋን ኮምጥጦ ይደፋል፤ የሚተካላት ሰው የለም።

ከአንድ ጥንስስ ሦስት ነገር ታወጣለች። መጀመሪያ ጠላው። ከዚያ ውሃ ተጨምሮበት ቅራሪው፣ ብር ላጠረው ሰው። በመጨረሻ አተላው፣ ከብት ለሚያደልቡ። የሚጣል ነገር የለም። ዛሬ በየሥልጠናው «ብክነትን መቀነስ» እየተባለ በፓወርፖይንት የሚሰጠው ትምህርት ይሄው ነው እኮ።

ገበያውንም ታውቀው ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስንት ሰው እንደሚመጣ፣ ለጥምቀት ስንት ጋን እንደሚበቃ፣ በጥር የሰርግ ወር ማን ቀድሞ እንደሚያዝ፣ በሁዳዴ ሥጋው ሲቀር ጠላው እንደማይቀር። ይሄ ሁሉ በጭንቅላቷ ነው።

ዱቤው ደግሞ ግድግዳው ላይ ነበር። እማዬ ማንበብና መጻፍ አትችልም። ለእያንዳንዱ ደንበኛ ጭቃው ግድግዳ ላይ የራሱ ቦታ ነበረው፤ አንድ ጣሳ በጠጣ ቁጥር በከሰል አንድ ጭረት። ከፍሎ ሲጨርስ በእርጥብ ጨርቅ ይጠፋል። የትኛው ጭረት የማን እንደሆነ ስታ አታውቅም። እንግዳ ሲመጣ ግድግዳው ያሳፍረኝ ነበር፤ «ቤታችን ለምን ቆሸሸ» እያልኩ። ለካ የድርጅቱ መዝገብ ነው። በዚያ ግድግዳና በወር እቁብ ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰች፣ አራት ልጅ አስተማረች።

አሁን ጥያቄዬ ይሄ ነው። ጥሬ ዕቃ በወቅቱ የሚገዛ፣ የሚያመርት፣ ጥራት የሚቆጣጠር፣ ገበያ የሚያጠና፣ ዱቤ የሚሰጥና የሚሰበስብ፣ ትርፉን መልሶ ሥራው ላይ የሚያውል ሰው ምን ይባላል? ወንድ ከሆነ «ባለሀብት» ይባላል። ፎቶ ይነሳል፣ ሪባን ይቆርጣል። ሴት ከሆነችና ያመረተችው ጋን ውስጥ ከሆነ ግን «ጠላ ሻጭ» ናት። ቃሉ ራሱ መጥመቋን ይሰርዘዋል። እንደ አንድ ተራ ነገር ከሌላ ሰው ገዝታ የምትቸረችር ያስመስላታል።

ጎንደር ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ የዳሽን ቢራ ፋብሪካ አላት፤ የብቅል ፋብሪካም አላት። እኮራባቸዋለሁ። እዚያ ገብስን ብቅል የሚያደርገው ሰው ባለሙያ ይባላል፤ ተምሮ ነው፣ ደመወዙም የሙያ ነው። ፋብሪካው ሳይታሰብ በፊት ግን በየሰፈሩ ገብስ ብቅል ሲሆን ነበር፤ ያደረጉትም ሴቶች ናቸው። ያኔ ማንም ባለሙያ አላላቸውም።

ነውሩ ከየት መጣ? ሩቅ ነው። ምግብ ማብላት የደግ ሰው ወግ ነው፣ ምግብ መሸጥ ግን የተቸገረ ሰው ሥራ ነው ብለን የኖርን ሕዝብ ነን። ይሄን ያየችው እቴጌ ጣይቱ ናት። ጣይቱ የስሜኑ የደጃዝማች ውቤ የወንድም ልጅ ናት፤ የኛው ደጋ ዘር። አዲስ አበባ ላይ ያንን ሆቴል ስታቆም ሰው ከፍሎ መብላትን ነውር አድርጎት እንደነበር፣ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ሄደው በልተው ከፍለው እንዳስለመዱት ሲነገር ሰምተናል። ሆቴሉ በጥር 2007 ዓ.ም. ቃጠሎ ደርሶበት እንኳ ስሟን እንደያዘ አለ። አስቡት፤ ንግሥት ሆና ምግብ ለመሸጥ ባሏን አብነት ማድረግ ካስፈለጋት፣ አንዲት የቀበሌ ቤት ሴትዮ ምን ያህል ነውር ተሸክማ ኖራለች?

ነውሩ ሲሰበር ምን እንደሚሆን ደግሞ እዚሁ ከተማችን አለላችሁ። ከፋሲል ግንብ ብዙ ሳይርቅ «ፎር ሲስተርስ» የሚባል ምግብ ቤት አለ። ስሙ እንደሚናገረው የአራት እህትማማቾች ነው። ያቀረቡት ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም፤ እናቶቻችን ቤት የሚሠሩትን ወጥና እንጀራ ነው። ልዩነቱ እህትማማችነታቸውን በራፉ ላይ ጻፉት። ጎንደርን የጎበኘ ፈረንጅ ስለ ግንቡ ሲጽፍ ስለነሱም ይጽፋል።

ባሕር ተሻግራችሁ ዋሽንግተን ብትሄዱም ያው ነው። ወይዘሮ ዘነበች ከባለቤታቸው ጋር በ1993 እ.ኤ.አ. እንጀራ እየጋገሩ መሸጥ ጀመሩ፤ ኋላ ምግብ ቤት ሆነ። በራፉ ላይ ያለው ስም «ዘነበች» ነው። አሜሪካ ለመድረስ አውሮፕላን ያስፈልጋል፤ በራፍ ላይ ስም ለመጻፍ ግን አውሮፕላን አያስፈልግም ነበር። የእማዬ በራፍ ላይ የነበረው እንጨት ላይ የተደፋ ጣሳ ብቻ ነው። ጠላ መኖሩን ይናገራል፣ የማን ጠላ እንደሆነ ግን አይናገርም።

«ስሟ ቢጻፍ ምን ይፈይዳል?» የሚል ይኖራል። ይፈይዳል። ስም የሌለው ሥራ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። ጎንደር ውስጥ ስንት ጥሩ እጅ፣ ስንት አዋዜና ዳጣ፣ ስንት ጠጅ አጣጣል ከሴትዮዋ ጋር አፈር ገባ? ልጆቿ አልተማሩትም። ለምን ይማሩታል? ጠዋት ማታ «እንደኔ እንዳትሆኑ» እያለች ነው ያሳደገቻቸው። አንድ ሰው በልቶ ያደረበትን ሙያ ልጆቹ እንዳይነኩት ከመከረ፣ ሙያው ሳይሆን አያያዛችን ነው የታመመው።

ወደ ብሩ እንምጣ። እህቴ የሚያስፈልጋት ብዙ አይደለም። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ አንድ ሮቶ፣ ጥቂት ጋን፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ በታኅሣሥ ገብስ የምታከማችበት ብር። ብድር ጠየቀች። የመጀመሪያው ጥያቄ «የቤት ካርታ አለሽ?» ነበር። ካርታው በሟች አባታችን ስም ነው፤ ወራሾቹ ደግሞ አራት ነን። በቃ፣ እዚያው ላይ አለቀ። እናቴ ሠላሳ ዓመት እቁቧን አንድ ቀን ሳታጓድል መጣሏ፣ ያ ግድግዳ፣ ያ ሁሉ ደንበኛ እንደ ዋስትና አይቆጠርም።

መንገዱ የለም እንዳትሉኝ። የአማራ ብድርና ቁጠባ፣ የዛሬው ፀደይ ባንክ፣ ስንት ዓመት ካርታ ለሌለው ሰው በቡድን ዋስትና ሲያበድር ኖሯል። በ2005 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው እናት ባንክ የተቋቋመው በሴቶች ግንባር ቀደምነት ነው፤ መያዣ የሌላት ሴት የምትበደርበትን መላም አብሮ አሰበ። በ2012 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የሴቶች ሥራ ፈጠራ ፕሮግራም ደግሞ አንዳንድ ተበዳሪዎችን በቤት ካርታ ፈንታ በፈተና እስከ መመዘን ደርሷል። ስለዚህ «አይቻልም» አይደለም። የቡድን ብድር ግን ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፤ ዶሮ ለማርባት ይሆናል፣ ሮቶና ምጣድ ገዝቶ ሁለት ሠራተኛ ለመቅጠር አይበቃም። ትልቁ ብድር ደግሞ ካርታ ይጠይቃል። የኛ ሴቶች የተጣበቁት እዚህ መሐል ላይ ነው፤ ለትንሹ ትልቅ ናቸው፣ ለትልቁ ትንሽ ናቸው።

ጠላን እያሞገስክ ስካር ልታስፋፋ ነው የሚለኝ ወዳጅ እንዳለ አውቃለሁ። እውነቱን ልናገር። ልጅ ሆኜ ሰካራም እናቴን ሲሰድባት ሰምቻለሁ። እጇን ሊይዛት የሞከረም አይቻለሁ። አሁን ዓይኗ የደከመው በጭሱ ነው። ያንን ሕይወት እህቴ እንድትደግመው አልፈልግም። ግን ልብ በሉ፤ ጭሱ የመጣው የኤሌክትሪክ ምጣድ ስለሌለ ነው። ስድቡ የመጣው ቤቱ ሕግና ክብር ያለው ንግድ ሳይሆን «ኮማሪ ቤት» ተብሎ ስለተናቀ ነው። የሚጠጣ ሰው ደግሞ ጠላ ቤቱ ቢዘጋ ቢራ ቤት ይሄዳል እንጂ ቤቱ አይገባም። ሥራውን ከማዋረድ ሥራውን ማስተካከል ይሻላል።

ምን ይደረግ? እኔ ባለሥልጣን አይደለሁም፤ የታየኝን ልበል።

አንድ፦ አበዳሪዎች የእቁብ ታሪክን ይቁጠሩላቸው። ሃያ ዓመት እቁብ ያላጓደለችን ሴት ዳኛዋን ጠይቆ ማመን ከካርታ ይበልጣል።

ሁለት፦ የከተማችን ሆቴሎች ሽሮ፣ በርበሬና ጠላ ከነዚህ ሴቶች ይግዙ፤ ሜኑው ላይም የማን እንደሆነ በስሟ ይጻፉ። እንግዳው ግንቡን አይቶ ሲመጣ የጎንደርን ጥቁር ጠላ በንጹሕ ብርጭቆ ቢቀርብለት ማን ይጠላል?

ሦስት፦ ግንቡ ታደሰ፣ ጎዳናው እየሰፋና እያማረ ነው። ደስ ይላል። ግን መንገድ ዳር እንጀራና ቆሎ ይዘው የሚውሉት እናቶች ከመንገዱ ሲነሱ ውሃና መብራት ያለው የጋራ መሥሪያ ቦታ ይሰጣቸው። ከተማን ማሳመር የሚያበሏትን ሰዎች መደበቅ መሆን የለበትም።

አራተኛው የኛ የልጆቻቸው ነው። እናቶቻችን ሳያልፉ እጃቸውን እንማር። ስንት ቀን ይጠነሰሳል፣ ጌሾው ስንት ነው፣ በርበሬው ውስጥ ምን ይገባል፤ እንጻፈው። እኔ ስልኬን ከፍቼ እማዬን መቅዳት ጀምሬያለሁ። «አንት ልጅ፣ ይሄም ቁም ነገር ሆኖ?» እያለች ትስቃለች። ግን ስታወራ ጉልበቷ ሲመለስ አየዋለሁ።

እህቴ ጋኑን አወጣችው። አጠበችው፣ አጠነችው። ብሩን እኔና ሁለቱ ወንድሞቼ አዋጣን፤ የወረስነውን ሳይሆን የተበደርነውን እየመለስን ነው። በራፉ ላይ የተደፋው ጣሳ ይኖራል፣ ከሥሩ ግን የእማዬ ስም በትልቁ ይጻፋል። እማዬ መጀመሪያ «ኧረ ሰው ምን ይለኛል!» አለች። ቀጥላ ደግሞ ፊደሉ ቀይ ይሁን አለችን።

እኔም ያንን ቅጽ ዛሬ አስተካክያለሁ። የእናት ሥራ፦ ጠላ ጠማቂ፤ ከነሙሉ ክብሩ።

እስኪ እናንተም በእናታችሁ ጋን፣ በእናታችሁ ምጣድ፣ በእናታችሁ ጉልት የተማራችሁ ካላችሁ፣ ቅጹ ላይ ሳትጽፉት የቀራችሁትን ሥራዋን ከታች ጻፉት። በሕይወት ካለች ደግሞ መጀመሪያ ለሷ ንገሯት።

ቸር ያሰማን።