ከክፍል መልስ ባጃጅ መንዳት ያዋጣል ወይ?



በአሁኑ ወቅት በእኛ በእጩ መምህራን መካከል፣ በመኝታ ክፍልም ሆነ በምግብ ሰልፍ ላይ፣ በብዛት ከሚነሡት ጉዳዮች አንዱ «ተመርቀን ስንወጣ በምን እንኑር?» የሚለው ነው። ወሬው ዞሮ ዞሮ ከአንድ ቦታ ይደርሳል። «እኔማ ግማሽ ቀን አስተምሬ ግማሽ ቀን ባጃጅ እነዳለሁ» የሚል አይጠፋም። ይህን ሐሳብ አንዳንዱ በሳቅ፣ አንዳንዱ በቁጣ ያልፈዋል። እኔ ግን በሳቅም በቁጣም ሳይሆን በእርሳስና በወረቀት መታየት ያለበት ነው ባይ ነኝ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ሥራ ክቡር ነው። መምህር መሪ ቢጨብጥ ነውር የለበትም። «አስተማሪ እንዴት ሾፌር ይሆናል?» የሚሉ ሰዎች ክርክራቸው ከክብር እንጂ ከኑሮ አይነሣም። ክብር ብቻውን ደግሞ ጤፍ አይሸምትም፣ የቤት ኪራይም አይከፍልም። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ለመንግሥት ሠራተኛ የዲግሪ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ እንዲል ተደርጓል። ጭማሪው ጥሩ ነው። ይሁን እንጂ ከወላጅ ቤት ርቆ ገጠር የሚመደብ ወጣት ኪራዩን፣ አስቤዛውንና ለቤተሰብ የሚልከውን ሲደምር ወሩ ሳያልቅ ብሩ እንደሚያልቅ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ተጨማሪ ገቢ መፈለግ ስንፍና አይደለም፣ ስግብግብነትም አይደለም። ጥያቄው የተመረጠው መንገድ ገቢ ያመጣል ወይስ ያመጣ ይመስላል የሚለው ነው።

እንደሚታወቀው በአዲስ አበባ ይህ ነገር በሰፊው ተለምዷል። ወይዘሮ ሳምራዊት ፍቅሩ በመሠረተችው ድርጅት የተጀመረው ራይድ፣ ከእሱም ጋር ፈረስና ሌሎችም፣ ተሳፋሪንና ባለመኪናን በስልክ ያገናኛሉ። ዘመናዊ ስልክ የሌለው ሰው እንኳ ወደ 8294 ደውሎ ራይድ ይጠራል። ቀን ቢሮ ውሎ ማታ ማታ የሚነዳ ሠራተኛ ጥቂት አይደለም። የእኛ ልጆችም ይህን ሲሰሙ ልባቸው ይሸፍታል።

ነገር ግን አገራችንን እንወቅ። ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል አድርጎ ወደ ቦረና የሚመጣ መንገደኛ መካነ ሰላም ሲወርድ የሚጠብቀው ራይድ ሳይሆን ባጃጅ ነው። በስልክ የሚጠራ መኪና ኢንተርኔት ይፈልጋል። በክልላችን ደግሞ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ አስቸኳይ ጊዜ በታወጀበት ሰሞን የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ እንደነበር ማንም አይረሳውም። መረብ በጠፋ ቁጥር የሚጠፋ ሥራ ላይ የቤት ኪራይ አይመሠረትም። ስለዚህ በእኛ በኩል ክርክሩ ስለ ባጃጅ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። የምጠቅሳቸው ቁጥሮች ከነዳጁ በስተቀር ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው። እያንዳንዱ አንባቢ የራሱን ከተማ ቁጥር ቢያስገባ መንገዱ ያው ነው።

አንድ መምህር ከሰዓት በኋላ አምስት ሰዓት ነዳ እንበል። 900 ብር ሰበሰበ። ይህን ብር ቆጥሮ «ዛሬ ዘጠኝ መቶ ሠራሁ» ብሎ ደስ ብሎት ይተኛል። የስሕተቱ ምንጭ እዚህ ላይ ነው! ይህ ብር የእሱ አይደለም፣ በእጁ የሚያልፍ ነው።

አንደኛ፣ ነዳጅ አለ። የአንድ ሊትር ቤንዚን የመንግሥት ዋጋ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። በሁለት ዓመት ተኩል ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። በዚህ በ2017ቱ ዋጋ እንኳ ብናስብ ሦስት ሊትር 304 ብር ይፈጃል። ሁለተኛ፣ ባጃጇ የሰው ከሆነች ለባለቤቱ የሚገባው «ገቢ» አለ። ለግማሽ ቀን 350 ብር እንበለው። ሦስተኛ፣ ዘይት፣ ጎማ፣ ጎሚስታና የጋራዥ ወጪ አለ። በየቀኑ 80 ብር ይቀመጥለት። ድምሩ 734 ብር ይሆናል። ከ900 ሲቀነስ 166 ብር ይቀራል። ለአምስት ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 33 ብር ነው።

ማደያ ላይ ቤንዚን ሲጠፋና በሃይላንድ ጠርሙስ ከሚሸጡት ሲገዛስ? ዋጋው በግማሽ ብቻ ቢጨምር እንኳ ሦስት ሊትር 456 ብር ይሆናል። ያን ጊዜ ለመምህሩ የሚቀረው 14 ብር ነው። አምስት ሰዓት ሙሉ አቧራ ጠጥቶ 14 ብር! ይህን እየሠራ ነው ወይስ ለነዳጅ ነጋዴው እየሠራለት ነው?

አንዳንዱ «የራሴን እገዛለሁ፣ ያን ጊዜ ገቢ የለብኝም» ይላል። ይህም ቢሆን ልብ ብሎ ማየትን ይጠይቃል። ባጃጅ 500,000 ብር ተገዛች እንበል፣ በደንብ የምትሠራውም አምስት ዓመት ይሁን። ሲሸጥ የሚገኘውን ትተን በዓመት 100,000 ብር አረጀች ማለት ነው። በዓመት 300 ቀን ብትሠራ በቀን 333 ብር ይደርሳል። እንግዲህ የራሱ የሆነ ሰው «ገቢ» አይከፍልም ያለው ማነው? ይከፍላል፤ የሚከፍለው ለእርጅናዋ ነው። በእቁብ ወይም በብድር የገዛት ከሆነ ደግሞ ወለዱና ጭንቀቱ ይጨመርበታል።

የእኛ ገበሬ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። በቅሎ ጭነት ቀርቶላት በረት ስትውልም ገለባዋን ትበላለች። ባጃጅም እንደዚያው ናት፣ ባትሠራም ትበላለች። ቦሎ አለ፣ የዓመት ምርመራ አለ፣ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ አለ። ይህ ሁሉ ግማሽ ቀን ለነዳውም ሙሉ ቀን ለነዳውም እኩል ነው። ሙሉ ቀን የሚነዳው ልጅ ጠዋት ሠራተኛውን ያደርሳል፣ የገበያ ቀን ሸቀጡን ያመላልሳል፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ኮንትራት ይይዛል። መምህሩ ክፍል ውስጥ ቆሞ ጠመኔ ሲይዝ ምርጡ ሰዓት አለፈ። የሚደርሰው ፌርማታው ላይ ባጃጅ ተደርድሮ ሰው ሲጠበቅ ነው። ወጪው የሙሉ ቀን፣ ገቢው የትርፍ ሰዓት ሆነ ማለት አይደል?

ስለ መጠበቅ ካነሣን አይቀር፣ ብዙ ሰው ቆሞ የጠበቀበትን ሰዓት ከሥራ አይቆጥረውም። በውጭ አገር ግን በዚህ ላይ ትልቅ ክርክር ተደርጓል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በየካቲት 2021 የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኡበር የተባለው ድርጅት ሾፌሮች ስልካቸውን ከፍተው ተሳፋሪ ለመቀበል ተዘጋጅተው የሚጠብቁበት ጊዜም የሥራ ሰዓት ነው ብሎ ወስኗል። የለንደን ዳኛ የቆጠረውን ሰዓት እኛ ለምን አንቆጥረውም? ጸሐይ ላይ ቆሞ የዋለ ሰው ደክሞታል እኮ!

እስካሁን ያየነው በብር የሚቆጠረውን ነው። በብር የማይቆጠረው ግን ይብሳል። አንድ መምህር 60 ተማሪ አለው እንበል። የአንዱን ደብተር ለማረም ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ ለሁሉም 180 ደቂቃ፣ ማለትም ሦስት ሰዓት ነው። የነገው የትምህርት ዕቅድ ገና ነው፣ መርጃ መሣሪያው ገና ነው። ታዲያ እስከ ማታ የነዳ ሰው የትኛውን ይተዋል? እንቅልፉን ወይስ ደብተሩን? ሰው ነውና ደብተሩን ይተዋል። ጠዋት ክፍል ገብቶ «መጽሐፉን ከገጽ ይኸን እስከ ገጽ ይኸን ገልብጡ» ይላል። ልጆቹም ይገለብጣሉ። ማንም አይጮህ፣ ማንም አይከስስ። ጉዳቱ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ፣ ስድስተኛ ክፍል ደርሶ ማካፈል የማይችል ልጅ ሲገኝ ነው። ያ ልጅ ከተኩላና ከጅብ አምልጦ፣ ዳገት ወጥቶ ቁልቁለት ወርዶ፣ በባዶ ሆዱ ትምህርት ቤት የመጣ የገበሬ ልጅ ነው። የባጃጁን ትክክለኛ ሒሳብ የከፈለው እሱ ነው። ተሳፍሮ ሳያውቅ ከፈለ።

«እንግዲያውስ ምን እናድርግ? እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ ትክክል ነው። መተቸት ብቻውን ሥራ አይሆንም። የእኔ አስተያየት የሚከተለው ነው።

1ኛ. ዕዳ የሌለባት የራሱ ወይም የቤተሰቡ ባጃጅ ያለችው መምህር ቅዳሜ፣ በበዓልና በክረምት ዕረፍት ቢነዳ እደግፈዋለሁ። ጥቅም አለው፣ ተማሪውንም አይጎዳም። የትምህርት ቀን ግን የትምህርት ይሁን።

2ኛ. የሰው ባጃጅ ተከራይቶ ግማሽ ቀን መንዳት አያዋጣም። ከላይ እንዳየነው ትርፉ ለባለቤቱና ለነዳጅ ሻጩ ነው።

3ኛ. ብድር ወስዶ ለብቻ ከመግዛት ይልቅ አራት አምስት መምህራን በቁጠባ ተሰባስበው አንድ ባጃጅ ቢገዙና ሙሉ ቀን የሚነዳ፣ ሥራ ያጣ የሠፈር ወጣት ቢቀጥሩ ይሻላል። ማሽኗ ሙሉ ቀን ትሠራለች፣ ወጣቱ እንጀራ ያገኛል፣ መምህሩም ከክፍሉ አይርቅም። ይሁን እንጂ ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን። «የጋራ ንብረት የማንም አይደለም» እንዳይሆን ማን መዝገብ እንደሚይዝ፣ ስትበላሽ ማን እንደሚያሠራ አስቀድሞ ይወሰን።

4ኛ. ከሁሉ በፊት፣ ለመግባት የሚያስብ ሁሉ አንድ ወር ሙሉ ከሚነዳ ሰው ጋር ተቀምጦ ገቢና ወጪውን በደብተር ይመዝግብ። ሒሳብ የምናስተምር ሰዎች የራሳችንን ሒሳብ ሳንሠራ ብንከስር ተማሪ ይስቅብናል።

በመጨረሻም ለማለት የምፈልገው፣ መምህር እንዲኖር ደመወዙ ሊያኖረው ይገባል የሚለው ጥያቄ በባጃጅ መሸፈን የለበትም። ሁላችንም በየግላችን ፌርማታ ላይ ከተሰለፍን፣ ጥያቄውን አብሮ የሚጠይቅ አይኖርም። ኑሮ የሚያስጨንቀን የጋራ ከሆነ መላውም የጋራ ይሁን።

ይህ የግሌ አስተያየት ነው። ተቃራኒ ሐሳብ ያለው፣ በተለይም ነድቶ የሚያውቅ ካለ፣ የእኔን 900 ብር በእውነተኛው ቁጥር ተክቶ በሚቀጥለው እትም ቢጽፍ ሁላችንም እንማርበታለን። ቸር ይግጠመን።

ከአንድ ሁለተኛ ዓመት ሠልጣኝ፣ መካነ ሰላም