እሑድ እሑድ በሩን የሚከፍተው ኮሎኔል

ጡረታ የወጣ መኮንን ያለበት ቤት ሥርዓቱ ይለያል። ጫማው በመስመር ይደረደራል፣ ምሳ በሰዓቱ ይቀርባል፣ ልጅ ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት ትእዛዝ ይቀድመዋል። አባታችሁን ወይም ባላችሁን ያስታወሳችሁ አላችሁ አይደል? የዛሬው ባለታሪካችንም ኮስታራ መኮንን ነው፤ የፓናማን ቦይ አስቆፍሮ የጨረሰው አሜሪካዊው መሐንዲስ ጆርጅ ጎታልስ።

እ.ኤ.አ. በ1858 ብሩክሊን ተወለደ፤ በ1880 ከዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ተመረቀ። በ1907 ወደ ፓናማ ሲላክ ከእርሱ በፊት የነበሩት ሁለት ሲቪል ዋና መሐንዲሶች ሥራውን ለቀው ሄደዋል። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ወታደር የመረጡት ጥሎ የማይሄድ ሰው ፈልገው ነው። 80 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ቦይ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሠራተኛና እየተናደ የተቆፈረውን መልሶ የሚደፍን ኮረብታ ተረከበ።

ይህ ኮስታራ ሰው እሑድ ጠዋት ቢሮውን ከፍቶ ይቀመጥ ነበር። ቀጠሮ የለም፤ ነጭ ሆነ ጥቁር፣ ወንድ ሆነ ሴት፣ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይገባል። አንዱ በአለቃው፣ ሌላው በምግቡ፣ ሌላዋ በቤት ድልድሉ አቤት ይላሉ። የባልና ሚስት ጠብ ሳይቀር እዚያ ይደርሳል። ቀላሉን ወዲያው ይወስናል፣ ከበድ ያለውን አስጣርቶ መልስ ይሰጣል። ዕድሜዬን ከታካሚ ጋር ስላሳለፍኩ ይህ ይገባኛል፤ ሰው እስኪጨርስ የሚሰማው ካገኘ ግማሽ ሕመሙ ይቀልለታል። እኛስ አያቶች፣ በሳምንት አንድ ጠዋት ሳናቋርጥ ብናዳምጣቸው ልጆቹ ምን ይነግሩን ይሆን?

እኔን ከጎታልስ ጋር የሚያጣላኝ ሌላ ነው። እርሱ ከመድረሱ በፊት ዶክተር ዊልያም ጎርጋስ ቢጫ ወባን ከፓናማ አጥፍቶ ነበር። ያቆረውን ውሃ አስፈስሶ፣ ያልፈሰሰውን ዘይት ደፍቶበት፣ መስኮቱን ሁሉ በሽቦ ወንፊት አስሸፍኖ። ወባ ግን ገና አልጠፋም። ጎታልስ ወጪ ልቀንስ ብሎ የሣር አጨዳውን ከጤና ክፍሉ ወስዶ ለሌላ ክፍል ሰጠው። ሐኪሙ አጥብቆ ተቃወመ፣ አልሰማውም። ያን የእሑድ ጆሮውን ለሐኪሙ ነፈገው! ለመሐንዲስ ሣር ሣር ነው፤ ወባማ ቆላ ለሠራ ሰው ግን የትንኝ መጠለያ ነው።

ሌላም አለ። ነጮቹ አሜሪካውያን በወርቅ፣ ከባርቤዶስና ከሌሎች የካሪቢያን ደሴቶች የመጡት ጥቁሮች በብር ይከፈላቸው ነበር፤ መኖሪያውም መመገቢያውም የተለየ ነው። ጎታልስ ይህን እንዳለ አስቀጠለው። በአሜሪካኖቹ የግንባታ ዘመን በሆስፒታል መዝገብ የሰፈሩት ሟቾች 5,609 ሲሆኑ 4,500 ያህሉ ጥቁሮች ናቸው። እሑድ ጠዋት የሰው ብሶት ሲሰማ የኖረ ሰው ይህንን እንዴት ቻለው እላለሁ።

ነሐሴ 1914 አንኮን የተባለችው መርከብ ቦዩን መርቃ ስታልፍ እርሱ ከተጋባዦቹ ጋር አልተሳፈረም፤ በዳርቻው በባቡር እየተከተለ መዝጊያዎቹ ሲሠሩ ያይ ነበር። በ1916 በሜጀር ጄኔራልነት ጡረታ ወጣ። ዕረፍቱ ግን አልቆየም፤ በ1917 መጨረሻ ለጦሩ ስንቅና ትጥቅ አቅርቦት ተጠራ። ከጦርነቱ በኋላ በኒውዮርክ የምሕንድስና አማካሪ ሆኖ የወደብና የድልድይ እቅድ ሲሠራ ኖረ። ከሁለት ወንዶች ልጆቹ ትልቁ እንደ አባቱ መሐንዲስ መኮንን ሆነ፤ ትንሹ ግን ሐኪም። ጎታልስ ያረፈው በጥር 1928 ነው፤ በስሙ የተጠራው የስታተን ደሴት ድልድይ የተከፈተው በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ነው።