ከሌንሱ ዋጋ የዓይን ልኬቱ ይቅደም

በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባሉት የደጋ ወረዳዎች፣ በፋርጣም ሆነ በጋይንት፣ የአዛውንት ዓይን ሲፈዝ «እርጅና ነው» ተብሎ ቤት መዋል የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ምክንያቱ በቀዶ ሕክምና የሚወገደው የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነው። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት እንዳሳየው በኢትዮጵያ ካለው ዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ የሚመጣው በዚሁ ሕመም ነው።

በቀዶ ሕክምናው የደፈረሰው የተፈጥሮ ሌንስ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል። ታዲያ የትኛው ይሻላል?

ባለ አንድ እይታው ሌንስ አብዛኛውን ጊዜ ሩቁን አጥርቶ ያሳያል፤ ለንባብና ለመርፌ ሥራ ግን መነጽር ያስፈልጋል። ባለ ብዙ እይታው መነጽርን ይቀንሳል፤ ሆኖም ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ በምሽትም በመብራት ዙሪያ ቀለበት የሚታያቸው ሰዎች አሉ። ቶሪክ የተባለው ደግሞ የዓይን የፊት ሽፋን ቅርጽ መዛባት ላለባቸው የሚሆን ነው።

በአሠራርም ጠጣርና ተጣጣፊ ሌንስ አለ። ተጣጣፊው በ3 ሚሊ ሜትር ገደማ ቀዳዳ ሲገባ፣ ጠጣሩ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ይፈልጋል። ጠጣሩ ርካሽ ነው ተብሎ ግን አይናቅም። እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ እ.ኤ.አ. በ1949 ለንደን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ዓይን ያስገቡት ሌንስ ጠጣር ነበር፤ ዛሬም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች በዚሁ ዓይነት ያያሉ።

እኛ የምንመክረው ውድ ሌንስ እስኪገኝ ቀዶ ሕክምናውን እንዳያዘገዩ ነው። ሞራው ሲበስል ይጠጥራል፤ ቀዶ ሕክምናውም ይከብዳል፤ አንዳንዴም የዓይን ግፊት አስከትሎ የማይመለስ ጉዳት ያደርሳል። ለውጤቱ ከዋጋው ይልቅ የሚበልጠው የሌንሱ ቁጥር ለዓይንዎ መለካቱ ነው።

ስለዚህ ሐኪምዎን ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ዓይኔ ተለክቷል? ሌንሱ የሚያሳየኝ ሩቁን ነው ወይስ ቅርቡን? ከሞራው ሌላ ሕመም አለብኝ? ሥራዎንም ይንገሩ። አራሹ ማሳውንና መንገዱን ማየት ይፈልጋል፤ ድጓ የሚያስተምሩት መምህር ደግሞ የብራናውን ፊደል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ዓይንዎ ካመመዎት፣ ከቀላ ወይም እይታው ከቀነሰ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይመለሱ።