ቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ቁጥር

ኤክሶ-200 የተባለው ዲቴክተር አሜሪካ ውስጥ፣ ኒው ሜክሲኮ ካርልስባድ አጠገብ፣ ከ600 ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው የጨው ዋሻ ውስጥ ነበር የተተከለው። ሥራው የዜኖን-136 አስኳል ኒውትሪኖ ሳይወጣው፣ ሁለት ኤሌክትሮን ብቻ ለቆ ሲፈራርስ መያዝ ነበር። ይህ ቢታይ ኒውትሪኖ የገዛ ራሱ ፀረ ቅንጣት መሆኑን እናውቅ ነበር። አልታየም። በ2012 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎቹ የዚህ መፈራረስ ግማሽ ዕድሜ ከ16 ትሪሊዮን ትሪሊዮን ዓመት እንደሚበልጥ አስታወቁ። በ2014 መረጃቸው ሦስት እጥፍ ያህል ሆኖ ሳለ ይህ ዝቅተኛ ወሰን ወደ 11 ትሪሊዮን ትሪሊዮን ዓመት ወረደ።

ታዲያ ዲቴክተሩ ደከመ? በፍጹም። የመለየት አቅሙ ከ7 ወደ 19 ትሪሊዮን ትሪሊዮን ዓመት አድጎ ነበር። ለዚህ ነው ጋዜጦች ስለ እንዲህ ያለ ፍለጋ ሲጽፉ የመለየት አቅሙን እንዲያስቀድሙ አጥብቄ የምጠይቀው።

ይህ አቅም የሚገኘው በሲሙሌሽን ነው። የሚፈለገው ነገር ፈጽሞ የለም ተብሎ ይታሰባል፤ ኮምፒውተሩም ያንኑ ሙከራ በሺዎች ጊዜ ይደጋግማል። እያንዳንዱ የየራሱን ወሰን ያወጣል፤ ከዚያ መካከለኛው ይወሰዳል። ፊዚክስ የማስተምራቸውን ልጆች ይህን በላፕቶፕ አሠራቸዋለሁ። ከአካባቢው ጨረር በአማካይ 4 አሳሳች ምልክት የሚጠበቅበት ዲቴክተር እሰጣቸዋለሁ። ከ100 ሙከራ በ9ኙ ገደማ ከ1 የማይበልጥ ምልክት ይወጣል፤ በ11ዱ ገደማ ደግሞ 7 ወይም ከዚያ በላይ። መሣሪያው ያው፣ የቆየበት ጊዜም ያው። ጥቂት ምልክት የደረሰው ጠንካራ ወሰን፣ ብዙ የደረሰው ደካማ ወሰን ይዞ ይወጣል። የመሬት ውስጥ ቤተ ሙከራ በሌለበት አገር ተማሪ ይህን የሳይንስ ክፍል በገዛ እጁ መሥራት መቻሉ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ሲሙሌሽን የሰው ግምት ነው የሚሉ አሉ፤ ስጋታቸው ተገቢ ነው። ዲቴክተሩ በተሠራበት መዳብ ውስጥ ያለው ጥቂት ዩራኒየምና ቶሪየም በስህተት ከተገመተ አቅሙም ይሳሳታል። ስለዚህ ነው የኤክሶ ሰዎች የቶሪየም ምንጭ ከዲቴክተሩ አጠገብ እያስቀመጡ ሲሙሌሽናቸውን ከእውነተኛው ምልክት ጋር ያነጻጸሩት። ጣሊያን ግራን ሳሶ ተራራ ሥር የነበረው፣ ጌርዳ የተባለው ተመሳሳይ ሙከራ ደግሞ የሚፈልገው ምልክት ሊወጣ የሚችልበትን የኃይል ክልል መረጃ፣ የትንተናው ሕግ ተቆርጦ እስኪያልቅ ድረስ ዘግቶት ነበር። በ2020 ያወጣው ወሰንና የመለየት አቅሙ እኩል 180 ትሪሊዮን ትሪሊዮን ዓመት ሆኑ። የኤክሶ የመጨረሻ ውጤት ግን አቅሙ 50፣ ወሰኑ 35 ትሪሊዮን ትሪሊዮን ዓመት ብቻ ነበር፤ ሥራው በዚህ አያንስም።

አሁን ሌጀንድ-1000 የተባለው ሙከራ በ1,000 ኪሎ ገደማ ጀርማኒየም ከ10 ሺህ ትሪሊዮን ትሪሊዮን ዓመት በላይ ለመድረስ አቅዷል። ዜናው ሲመጣ አቅሙ አብሮ ይጻፍ፤ ስንት አሳሳች ምልክት ተገምቶ እንደተሰላም ጭምር።