ልጅየውንም ለኩት

ሜክሲኮ አደባባይ ስሙን ያገኘው በውለታ ነው። ጣሊያን አገራችንን ስትወር ወረራውን አናውቀውም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች። እኛ አደባባይ ሰየምንላት፣ እነሱም በዋና ከተማቸው አንድ የምድር ባቡር ጣቢያ «ኢትዮጵያ» አሉልን። ይህቺው ባለውለታችን እ.ኤ.አ. በ2014 በለስላሳ መጠጥ ላይ በሊትር 1 ፔሶ ቀረጥ ጣለች፤ በ2016 ደግሞ የስኳር በሽታን የአስቸኳይ ጊዜ ጉዳይ ብላ አወጀች። እኛ ስሟ ሥር ተሰልፈን ታክሲ እየጠበቅን ስኳር የሌላ ሰው በሽታ ይመስለናል።

የዛሬው ጠባችን ግን ከለስላሳ ጋር ሳይሆን ከሕክምና ካርድ ጋር ነው።

ስኳር ያለባት እናት በቀጠሮዋ ቀን ሆስፒታል ትሄዳለች። ጣቷ ይወጋል፣ ቁጥሩ ካርዷ ላይ ይጻፋል፣ ሜትፎርሚኗን ይዛ ትመለሳለች። አብሯት የመጣው የ35 ዓመት ልጇ፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚሠራውና ቦርጭ የጀመረው፣ ቦርሳዋን ይዞ አግዳሚው ላይ ይጠብቃታል። ካሉት ጤነኞች ሁሉ ለበሽታው የቀረበው እሱ ነው፤ መለኪያው ደግሞ ሁለት እርምጃ አይርቀውም። «አንተስ ተለክተህ ታውቃለህ?» የሚለው ሰው ግን ብዙ ጊዜ የለም።

ከወላጆች አንዱ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ካለበት፣ ልጁ በዕድሜ ዘመኑ የመያዝ ዕድሉ 40 ከመቶ ገደማ፣ ሁለቱም ካለባቸው 70 ከመቶ ገደማ እንደሚሆን ይገመታል (ግምቱ በአብዛኛው ከአውሮፓውያን የተወሰደ መሆኑ ይታወቅልን)። ደሙም ቀድሞ ይናገራል። በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር 126 ከደረሰና በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ በሽታው ገብቷል፤ ከ100 እስከ 125 ያለው ማስጠንቀቂያ ነው። የሁለትና የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው ኤዋንሲ 6.5 ከመቶ ሲደርስ በሽታ፣ ከ5.7 እስከ 6.4 ማስጠንቀቂያ ነው (ደም ማነስ ያለበት ሰው ውጤቱ ሊያሳስተው ስለሚችል ለሐኪሙ ይንገር)። የአሜሪካ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ደም ውስጥ ያሉ አምስት አሚኖ አሲዶች አደጋውን እስከ 12 ዓመት ቀድመው እንደሚጠቁሙ ጽፈዋል። እሰየው! እኛ ግን የጣቱንም ገና አልተለካንም።

«አውቆ ምን ሊያደርግ ነው? ጭንቀት ለመጨመር?» የሚሉን አሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ የሆነ የአሜሪካ ጥናት ስኳራቸው ከፍ ብሎ ገና በሽታ ያልሆነባቸውን 3,234 ሰዎች ተከታትሎ ነበር። ክብደታቸውን 7 ከመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ በተደረጉት ላይ በሽታው በ58 ከመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የወሰዱት ላይ የቀነሰው በ31 ከመቶ ነው። 150 ደቂቃ ማለት በሳምንት አምስት ቀን፣ ግማሽ ግማሽ ሰዓት፣ የሳር ቤትን የታክሲ ሰልፍ ትቶ በእግር መሄድ ነው። እንግዲህ ለዚህ ነው የምንጨነቀው?

ቤተሰብም ከተጠያቂነት አያመልጥም። ሽማግሌ ሲላክ እስከ ሰባት ቤት ዘር የምንቆጥር ሰዎች፣ የእናታችንን ወንድም እግሩን ያስቆረጠው ምን እንደሆነ አናውቅም፤ «ቁስል አመርቅዞበት» ተብሎ ታልፏል። አባት መርፌውን ከልጆቹ ደብቆ ይወጋል። «የሀብታም በሽታ ነው» የሚለውማ አይነሳ! የጎንደርና የጅማ ሐኪሞች ቀጫጭን ገበሬዎችን በኢንሱሊን ሲያክሙ ስንት ዘመናቸው ነው?

ስለዚህ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። የእናት ካርድ ላይ «ልጆች፣ እህትና ወንድሞች፤ የተለኩ፣ ያልተለኩ» የሚል አንድ መስመር ይጨመር። ነርሷም አግዳሚው ላይ ላለው ልጅ «ለሚቀጥለው ቀጠሮ ቁርስ ሳትበላ ና» ትበለው። ቁጥሩ ከ100 ካለፈ ወደ ላብራቶሪ ይላክ።

«ስትሪፕ ለታመሙትም አልበቃ፤ ለጤነኛ ከየት ይምጣ?» ይሉናል። ተገቢ ጥያቄ ነው፣ እጥረቱንም የፈጠሩት ነርሶቹ አይደሉም። ግን ይህ ልጅ ዛሬ አንድ ስትሪፕ ቢነፈግ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ኩላሊቱ ደክሞ ወይ ዓይኑ ፈዝዞ በዚያው በር ሲገባ ስንት ስትሪፕ፣ ስንት ኢንሱሊን፣ ስንት የዲያሊሲስ ቀጠሮ ሊጠይቅ ነው? ሒሳቡን የበጀት ክፍሉ ይሥራውና ይንገረን።