የገና ዋዜማ ገበያና የወር ደመወዝ

አንባቢ ሆይ፤ በገና ዋዜማ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል በኋላ በአዲሱ ገበያ፣ በአስኮ ወይም በአየር ጤና የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመህ የምታውቅ እንደ ሆነ፣ የምነግርህ ነገር እንግዳ አይሆንብህም። ሰልፈኛው ሁሉ አንድ ዓይነት መልክ አለው። በአንድ እጁ የመሥሪያ ቤት ቦርሳ፣ በሌላው እጁ እግሯ የታሰረ ዶሮ ይዟል። ቦርሳው ዝም ይላል፤ ዶሮዋ ግን አቤቱታዋን ታሰማለች። ይህ ወደ ሱሉልታ፣ ወደ ቡራዩና ወደ ሰበታ የሚሳፈር ሕዝብ ቀኑን በአዲስ አበባ ሲጽፍ፣ ሲቆጥር፣ ማኅተም ሲመታ ወይም ሲማር የሚውልና ማታ በእነዚያ ከተሞች የሚያድር ነው፤ የቤት ኪራይ እዚያ ይሻላል ተብሎ ነዋ!

«ለመሆኑ ይህ ሰው እስከ ዛሬ ምን ሲሠራ ቆየ? ገና ድንገት የመጣ እንግዳ ነውን?» እያሉ የሚፈርዱ አሉ። ሁሉን ነገር ለመጨረሻው ሰዓት ማቆየት ልማዳችን ነው የሚለው ነቀፌታም በየሻይ ቤቱ ይሰማል። እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም። ነገሩ ከስንፍና ይልቅ የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ነውና፣ እስቲ መቁጠሪያውን ገልጠን እንየው።

ገና የሚውለው ታኅሣሥ 29 ቀን ነው። በዘመነ ዮሐንስ፣ ማለት ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ በሚመጣው ዘመን፣ በ2016 ዓ.ም. እንደ ሆነው ሁሉ ታኅሣሥ 28 ቀን ይውላል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደመወዝ ደግሞ በወሩ መጨረሻ ገደማ ይወጣል። እንግዲህ በዓሉና ደመወዙ በአንድ ጠባብ በር ተጋፍተው ይገባሉ ማለት ነው። «ታኅሣሥ 15 ቀን ለምን አልገዛህም?» ተብሎ የሚወቀሰው ጀማሪ ጸሐፊ፣ በዚያ ቀን በኪሱ የነበረው ከታክሲና ከምሳ የማያልፍ ነበር። ፋሲካ እንኳ ቀኑን እየለዋወጠ አንዳንድ ዓመት ያዝንልናል፤ ገና ግን ከወር መጨረሻ ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ደመወዝተኛው ሁሉ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ገንዘብ ይይዝና በአንድ ምሽት ወደ አንድ ገበያ ይወጣል። ነጋዴው ይህን ከእኛ ይበልጥ ያውቃል። የጠዋቱ ዋጋ ከሰዓት በኋላ አይገኝም።

በዚህ ላይ ጾሙን ጨምርበት። ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ ለ43 ቀን ከሥጋ፣ ከቅቤ፣ ከወተትና ከእንቁላል ተለይቶ የቆየ ሕዝብ ወደ አራቱም በአንድ ሌሊት ይመለሳል። ዋጋ ባይወጣ ነበር የሚገርመው።

ዳሩ ግን እኔን የሚያሳስበኝ ጥር ነው እንጂ የዋዜማው ግፊያ አይደለም። በዚያ ምሽት የምትመነዝረው ብር ስሙ የታኅሣሥ ደመወዝ ይሁን እንጂ በእውነቱ የጥር እንጀራ ነው። ኪራይ ከእርሱ ይከፈላል፤ የወሩ ታክሲ ከእርሱ ይወጣል፤ ጥር 11 ቀን ጥምቀት ይመጣል፤ ለጥምቀት ደግሞ ነጭ ልብስና ባዶ ኪስ አብረው አያምሩም። ዶሮ፣ ቅቤ፣ ሽንኩርት፣ በርበሬና እንቁላል በዋዜማው ዋጋ በአንድ ጊዜ የገዛ ሰው በበዓሉ ማግሥት ወደ ጓደኛው ጠጋ ብሎ «እስከ ወር መጨረሻ…» ማለት ይጀምራል። ያ ብድር ከጥር ደመወዝ ላይ ይነሣል፤ የጥር ደመወዝም ለየካቲት ይጎድላል። እንዲህ እያለ የአንዲት ማታ ገበያ እስከ ዓቢይ ጾም ድረስ ይከተላል። ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል የተከራየ ተማሪም ከቤቱ የሚላክለትን በዚያች ምሽት ከጨረሰ፣ የግማሹ ዓመት ፈተና ሲደርስ ሻይና ዳቦ እየቆጠረ ያጠናል።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ ገናን በሽሮ ዋል ብዬ የምመክር ሰው አይደለሁም። የምለው የገበያውን ዝርዝር ከፋፍለው፣ ሁሉንም ለዋዜማው አትተው ነው። በተለይ ቅቤውን።

የሱሉልታ ሜዳ የወተት አገር መሆኑን በዚያ መንገድ ያለፈ ሁሉ ያውቃል። ከሱሉልታ በጫንጮ በኩል እስከ ፍቼ የሚደርሰው አገር አዲስ አበባን ወተት ከሚያጠጡት ዋነኞች አንዱ ነው። እንግዲህ ልብ በል፤ በጾም ወራት የከተማው ሰው ወተት መጠጣቱን ይቀንሳል፤ ላሟ ግን ጾም አታውቅምና ትታለባለች። ገበሬውም የተረፈውን ወተት አርግቶ ይንጥና ቅቤ ያወጣዋል። ያ ቅቤ በጾሙ መካከል ገዢ አጥቶ ይቀመጣል። ሻጭ ብዙ፣ ገዢ ጥቂት የሆነበት ጊዜ ለደመወዝተኛ የተሰጠ በረከት ነው። የኅዳር ደመወዝ የሚወጣውም ልክ በዚሁ ጊዜ ነው! ከዚያ ደመወዝ ላይ የግማሽ ኪሎ ወይም የአንድ ኪሎ ቅቤ ዋጋ ቢነሣ አይጎዳህም። ቅቤ መግዛት ጾም አያፈርስም፤ መላስ ነው እንጂ።

የገዛኸውን አንጥረው፣ ወይም አስነጥረው። በለስላሳ እሳት ቀልጦ፣ አረፋው ተገፍፎ፣ ኮረሪማ፣ በሶብላና ኮሰረት ገብቶበት፣ ውኃው ተንኖ የወጣለትና የተጠለለ ቅቤ ያለ ማቀዝቀዣ ወራት ይቆያል። ለመበላሸት የሚያፋጥነው በውስጡ የቀረው ውኃና አሬራ ነውና። ክዳኑ የሚገጥም ደረቅ ዕቃ ካለህ የተከራየሃት አንዲት ክፍል ለዚህ ትበቃለች።

ቀድሞ መግዛት ሌላም ጥቅም አለው። በዋዜማው ግርግር ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ቅቤ ለማያውቅ ሰው ይሸጣል። ሙዝ የተለወሰበት፣ የአትክልት ስብ የተጨመረበት ቅቤ መያዙን በየጊዜው ሰምተናል። ጊዜ ካለህ ጥቂት ቆንጥረህ በማንኪያ ላይ ታቀልጠዋለህ። ንጹሑ ጥርት ብሎ ይቀልጣል፤ ዱቄት ወይም ሙዝ ያለበት ከሥሩ ጭቃ ይተዋል። የአትክልት ስብን ግን በዚህ አትለየውም፤ እርሱን የሚለየው አፍንጫ ነው። አፍንጫህን የማታምን ከሆነ ቅቤ የሚያውቁ አንዲት እናት ይዘህ ሂድ። በዋዜማው ምሽት ከኋላህ ዐሥር ሰው እየገፋህ ማንኪያ ላይ ቅቤ አቀልጣለሁ ብትል ማን ይታገሥሃል?

በርበሬም እንደዚሁ ነው። ቀድመህ ዛላውን ገዝተህ ወይም ከሚያምኑት ባልትና አግኝተህ አስቀምጠው።

ሽንኩርት መንገደኛ ነው። ከመቂና ከባቱ አካባቢ በመስኖ ይመረትና ወደ አዲስ አበባ ይጫናል። አትክልት ተራው በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ፣ በኋላም ወደ ላፍቶ ተዛውሯል። ከዚያ እንደገና ተጭኖ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ እስኪደርስ ድረስ ያወረደውና የጫነው ሁሉ ድርሻውን ያነሣበታል። ለአንዲት ዶሮ ከ1 ኪሎ ተኩል እስከ 2 ኪሎ ሽንኩርት ይፈጃልና ዋጋው ቀላል እንዳይመስልህ። ሳምንት አስቀድመህ ልጡ የደረቀውን፣ አንገቱ ያልረጠበውን መርጠህ ግዛ፤ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ በቅርጫት አኑረው። በፌስታል ውስጥ ቋጥረህ ከተውኸው ግን ለገና የሚደርስልህ ሽታው ነው።

አሁን ወደ ዶሮዋ እንምጣ። በዚህ ጉዳይ የዳር ከተማ ነዋሪ የሚሠራው ሥራ ሁልጊዜ ያስቀኛል፤ ያሳዝነኛልም። ሱሉልታ በጎጃም መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሰበታ በጅማ መንገድ ላይ ናቸው። (በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም ሸገር ከተማ በሚባል አስተዳደር ሥር ገብተዋል፤ ለዶሮ ግን ዛሬም መንገዶች ናቸው።) ከገጠር የሚመጣው ዶሮ፣ በግና በሬ ወደ አዲስ አበባ የሚገባው በእነዚህ በሮች ነው። እንግዲህ ዶሮዋ በጠዋት በመኪና ጣራ ላይ ተጭና በቡራዩ በደጃፍህ ታልፋለች። አንተም በታክሲ ተጭነህ ተከትለሃት ትሄዳለህ። እርሷ ከአንድ ነጋዴ ወደ ሌላው ስትዞር ትውላለች፤ አንተ ደብዳቤ ስትጽፍ ትውላለህ። ማታ ትገናኛላችሁ። የተጨመረባትን ትርፍ ሁሉ ከፍለህ፣ በራስህ ታክሲ፣ በጠዋት ወዳለፈችበት ደጃፍ ትመልሳታለህ። ሰበታማ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ መነሻ ናት፤ ይሁን እንጂ ነዋሪዋ ዶሮውን ከመርካቶ ታቅፎ ሲመለስ ታየዋለህ።

ስለዚህ ከበዓሉ በፊት ባለው ቅዳሜ ወይም እሑድ፣ ሥራ በሌለህ ቀን፣ በጠዋት ተነሥተህ በምታድርበት ከተማ ገበያ በእግርህ ውጣ። ክራባትህን ቤት ተወው። ችኮላህንም እንዲሁ፤ የቸኮለ ገዢ ዋጋውን በፊቱ ላይ ጽፎ ይመጣልና። በእነዚህ ከተሞች ከሻጮቹ ብዙዎቹ ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ናቸው። «ሜቃ?» ብሎ ስንት እንደ ሆነ መጠየቅንና እስከ ሺሕ መቁጠርን የተማረ ወጣት ሌላው ከሚያገኘው የተሻለ ፈገግታ ያገኛል፤ አንዳንዴም የተሻለ ዋጋ።

«እማማ፣ ይህቺ ስንት ናት?»

«እንቁላል ጣይ ናት ልጄ፤ ለእርድ እንኳ አላመጣኋትም ነበር።»

ይህን መልስ ስትሰማ አትደንግጥ፤ ለእርድ ነው ያመጧት። ከጥሪው ላይ ቀንሰህ ስትናገር ግን በትሕትና ተናገር፤ እኒህም እናት ለቤታቸው ገና አለባቸው። ዶሮዋን በእጅህ አንሣት። የደረት አጥንቷን ዳስሰው፤ እንደ ቢላዋ ከሰላ ሥጋ የላትም። ዓይኗ የጠራ፣ ኩክኒዋ የቀላ፣ ክንፏ ያልወደቀ፣ ከኋላዋ ያልቆሸሸች መሆኗን ተመልከት። ከገዛሃት በኋላ እስከ ዋዜማው የምትፈልገው በቀን አንድ እፍኝ እህልና ውኃ ነው። ተከራይ ከሆንህ አከራይህን አስቀድመህ አስፈቅዳቸው፤ አውራ ዶሮ ከሆነ ደግሞ ጎረቤትህንም ጭምር፤ ሌሊት የሚቀሰቅሰው አንተን ብቻ አይደለምና።

እንቁላል ከመቀቀልህ በፊት ውኃ ውስጥ ክተተው፤ የተንሳፈፈው ያረጀ ነው።

ገንዘቡን ቀድሞ ማግኘት ላልቻለ ሰውም መላ አለ። በ19ኛው ምዕት ዓመት የእንግሊዝ አገር ሠራተኞችና ዝቅተኛ ጸሐፊዎች ለገናቸው የሚያርዱት ዝይ ነበር። ዋጋው ለአንድ ሳምንት ደመወዝ ከባድ ስለ ሆነባቸው በየመጠጥ ቤቱ የዝይ ማኅበር አቋቁመው በየሳምንቱ ጥቂት ሳንቲም ያስቀምጡ ነበር። በዓሉ ሲደርስ እያንዳንዱ ዝይውን ይዞ ይሄዳል። እቁብንና ቅርጫን ለምናውቅ ለእኛ ይህ ምን ይከብደናል? ለበሬ ቅርጫ ገብተን ሥጋውን በመደብ መድበን፣ ዕጣ አውጥተን የምንካፈል ሰዎች ነን። በአንድ ቢሮ ያሉ ስድስት ጸሐፊዎች ከመስከረም 1 ቀን ጀምረው በየሳምንቱ ቢያዋጡ እስከ ገና 16 ሳምንት ያህል አላቸው። የታኅሣሥ ደመወዝ ሳይነካ ስድስት ዶሮ፣ አንድ ኩንታል ሽንኩርትም በአንድነት ይገዛል፤ በጅምላ የተገዛ ሽንኩርት ደግሞ በኪሎ ከሚሸጠው ይቀንሳል። የሚያስቸግረው ገንዘብ ያዡን መምረጥ ነው። እኔ ቢሆን በቢሮው ውስጥ ሁሉ ሰው የሚፈራትን ሴት እመርጣለሁ።

«ጽሑፉ መልካም ነው፤ ነገር ግን መጽሔቱን የገዛሁት ዛሬ በዋዜማው ነው» የምትለኝ አንባቢም አትጠፋም፣ አይጠፋም። እንግዲያስ ስማኝ። ቢቻል ከሰዓት በፊት፣ በምሳ ሰዓትህ ግዛ። ከጎረቤትህ ወይም ከክፍል ጓደኛህ ጋር አንዲት ዶሮ ለሁለት ያዙ፤ 12ቱ ብልት ለስድስት ስድስት ይካፈላል፤ ወጡን የሚያበዛው ሽንኩርትና እንቁላል ነውና ማንም አያፍርም። ዶሮ ከአቅም በላይ ከሆነ የእንቁላል ወጥ በንጹሕ ቅቤ፣ በአጠገቡም አይብ በጎመን ቢቀርብ በተበደረ ገንዘብ ከተሠራ ዶሮ ይጣፍጣል፤ ይህን የምለው ለማጽናናት አይደለም፤ ቀምሼ ነው። ከማታው 1 ሰዓት በኋላ ወደ መርካቶ አትመለስ፤ የጎደለህን ከመንደርህ ሱቅ ሙላ። ሽንኩርቱ ያለ ቅቤና ያለ ዘይት ቀስ ብሎ ሲቁላላ ሁለት ሦስት ሰዓት ይፈልጋል፤ ወጥ ሠሪዋም በጾም ላይ ስለ ሆነች ሳትቀምስ በሽታው ብቻ ታውቀዋለችና ልትቸኩል አይገባም። ቅዳሴው ሌሊት ነው፤ አሁን ቢላዋውን አንሥተህ መክተፍ ጀምር።