ስለ ፍሬን የሚያወራ ጠፋ

ባለፈው ቅዳሜ ቡና ልንጠጣ ሦስት ሆነን ተቀምጠናል፤ እኔ፣ አንድ የድሮ ጓደኛዬና ልጁ። እኔና ጓደኛዬ ዛሬም አሮጌ ላዳ ነው የምንነዳው። ልጁ ስልኩን አውጥቶ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣውን ፖርሽ 911 ቱርቦ ኤስ አሳየን። «ጋሼ፣ ከዜሮ ተነስቶ መቶ የሚገባው በ2.7 ሰከንድ ነው! 650 የፈረስ ጉልበት! የእርስዎ ላዳ ስንት ይፈጅባታል?»

ሃያ ሰከንድ ገደማ አልኩት፤ ያውም በወጣትነቷ። ሳቀ። አባትየው ተቆጣና ጠረጴዛውን መታ፤ «የላዳ ብረት እኮ ወፍራም ነው! የዛሬ መኪና ቆርቆሮ!»

ሁለቱም አናደዱኝ።

የልጁ ይቀላል። በሰዓት 330 ኪሎ ሜትር የሚበረውን መኪና የት ሊነዳው ነው? የአዲስ–አዳማ የክፍያ መንገድ እንኳ ከ120 በላይ አይፈቅድም። (መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ስለከለከለ የቀረጡን ነገር ማንሳቱም ትርፍ ነው።) ልጁ መኪናውን በዓይኑ አይቶት አያውቅም፤ ቁጥሩን ግን እንደ ዳዊት ይደግመዋል።

የሚከፋው የእኛ የትልልቆቹ ነው። ላዳ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ስንቱን ሙሽራ፣ ስንቷን ምጥ የያዛት ሴት አድርሳለች። ካርቡራተሯን የማያጥብ፣ ካንዴላዋን የማይፈታ የሰፈር መካኒክ አልነበረም። ይህን ሁሉ እመሰክራለሁ። የ«ወፍራም ብረት» ጉራ ግን ሰው ይገድላል። የግጭቱን ጉልበት ብረቱ ካልዋጠው የሹፌሩ ደረት ይውጠዋል። የአዲሱ መኪና አፍንጫ የሚጨማደደው እንዲጨማደድ ተብሎ ስለተሠራ ነው።

ፍሬኗስ? ላዳ 2101 የጣሊያኑ የፊያት 124 ልጅ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1967 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብሎ የተሸለመው ማለቴ ነው። ሶቪየቶች በ1970 በቶሊያቲ ማምረት ሲጀምሩ፣ ጭቃና አቧራ እንዲችል ብለው የኋላውን ዲስክ ፍሬን በታምቡር ፍሬን ለወጡት። ለጭቃው ብልህነት ነበር። የቁልቁለቱን ነገር እኔን ጠይቁኝ።

ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን፣ አንድ ክረምት ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ እወርዳለሁ። መካኒኬ የፍሬን ሸራዋ ማለቁን ከነገረኝ ሁለት ወር አልፎታል። ገንዘብ አልነበረኝም እንዳልል በዚያው ሰሞን ፓራውልቷ እንደ መስተዋት እንዲያበራ ከፍዬ አስወልውያለሁ። ዝናቡ ይወርዳል። ደብተር ያቀፈች ተማሪ መንገድ ገባች። ፍሬን ረገጥኩ፤ እግሬ ወለሉን ሊነካ ደረሰ፣ ላዳዬ መንገዷን ቀጠለች። መሪውን ወደ ቦዩ ጠመዘዝኩት።

አልነካኋትም። ወርጄ ደብተሮቿን ከጭቃ ስለቅም እጄ ይንቀጠቀጣል። ልጅቷ ናት «አይዞዎት» ያለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ስለ መኪና ሲወራ የምጠይቀው ስንት ሜትር ላይ እንደሚቆም ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ተይዞ እስኪቆም የሚሄደው ርቀት ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። አዲስ አበባ ውስጥ በመኪና አደጋ ከሚሞተው ሰው አብዛኛው ደግሞ እግረኛ ነው። እሱ ወፍራሙን ብረት ምን ያደርግለታል? 2.7ቷንስ ሰከንድ?

ፖርሹ ለጥያቄዬ ጥሩ መልስ አለው፤ እዚህ ላይ አሮጊቷን ላዳዬን አሳልፌ እሰጣለሁ። ቱርቦ ኤስ ከፋብሪካው የሚወጣው የሴራሚክ ፍሬን ተገጥሞለት ነው፤ ፍሬኑ በኃይል ሲረገጥ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚጠብቅ መሣሪያም አለው። ጀርመኖቹ ለ650ው ፈረስ ልጓም አብረው ሠርተዋል። ልጁ ያን ሁሉ ሲያወራ ልጓሙን አንድ ጊዜ እንኳ አላነሳውም።

ወደ አባትየው ዞርኩ። «አንተስ፣ የፍሬን ሸራ የቀየርከው መቼ ነው?»

አስተናጋጁን ጠርቶ ሒሳብ ጠየቀ።